የበዓሉ ማግስት

በቋንቋችን «ገመና» የምትባል አንዲት ቃል አለች። የገላ ዕርቃን፣ የጓዳ ጉድለት፣ የቤተ ሰብ ምስጢር በእርስዋ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ገመና ይሸፈናል፤ ገመና ይከተታል፤ በክፉ ቀን ደግሞ ይወጣል። ለሰው «ገመናዬን ሸፈንህልኝ» ከማለት የበለጠ ምስጋና፣ «ገመናዬን አወጣህብኝ» ከማለት የከፋ ክስ እምብዛም አይገኝም። የጸሐፌ ተውኔት ሥራ ከዚህች ቃል አንጻር ሲመረመር ታዲያ ነገሩ ያስደነግጣል። ኅብረተሰብ የሸፈነውን መግለጥ፣ የተዘጋውን የጓዳ በር ገፍቶ ብርሃን ማስገባት፣ ሰው ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ያልነገረውን በሕዝብ ፊት ማናገር የዕለት እንጀራው ነውና።

ይህ መግለጥ የሚፈጸምበት ቀን በዓል ሲሆንስ? ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ማዕዱ ቀርቦ ሳለ የተደበቀው ሁሉ ቢፈነዳ ተውኔቱ ያተርፋል ወይስ ይከስራል? ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየበዓሉ ዋዜማ በቴሌቪዥን የሚቀርቡ ድራማዎችን የሚከታተል ሰው አባቱን የማያውቅ ልጅ፣ ሁለተኛ ትዳር የደበቀ ባል፣ ውርስ የሠወረ ወንድም በዶሮ ወጥ ዙሪያ ሲጋለጡ ደጋግሞ አይቷል። ልማዱ ግን በሌላ አገር ሥር የሰደደ፣ የራሱ ሕግና የራሱ ገበያ ያለው ነው። ስለዚህ ልማዱ ከጠነከረበት ከእንግሊዝ አገር ተከታታይ ድራማ ተነሥቼ ወደ ራሳችን ቤት ለመመለስ እሞክራለሁ።

ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን ማለቂያ የሌለው የቤተ ሰብ ድራማ «የሳሙና ኦፔራ» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከአሜሪካ ሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ቀን ቀን በሬዲዮ ይቀርቡ የነበሩትን የቤተ ሰብ ታሪኮች ወጪ ይሸፍኑ ከነበሩት መካከል እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የሳሙና አምራቾች ይገኙበታል። አድማጮቹ በአብዛኛው በቤት ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ አምራቾቹም የሚሹት እነዚህኑ ሴቶች ነበር። እንግዲህ ከጥንስሱ የሰው እንባና የሳሙና ሽያጭ በአንድ ሰዓት ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ሆኖም አንድ ጥበብ የተወለደበትን ምክንያት ብቻ አይቶ መናቅ የሐያሲ ስንፍና ነው። የተወለደው ከገበያ ቢሆንም ያደገው በሕዝብ ቤት ውስጥ ነውና፣ ሕዝቡ በውስጡ ምን እንዳገኘ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1960 ጀመረ። የሰሜን እንግሊዝን የሠራተኞች ሠፈር ኑሮ በአንድ ጎዳና ላይ ሰብስቦ ያሳያል። ቢቢሲ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1985 «ኢስት ኤንደርስ»ን አቀረበ። ፈጣሪዎቹ ጁሊያ ስሚዝና ቶኒ ሆላንድ ዋልፎርድ የሚባል የምናብ ሠፈር በምሥራቅ ለንደን አቆሙ፤ በሠፈሩ መካከል አንድ አደባባይ፣ በአደባባዩ ጥግ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የተሰየመ መጠጥ ቤት አደረጉ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚገናኘው በዚያ መጠጥ ቤት ነው። የእኛ ሠፈር ጠላ ቤት ለድሮው ቲያትራችን ያገለገለውን ያህል ይህ መጠጥ ቤት ለእነርሱ አገልግሏል ማለት ይቻላል፤ ምስጢር የሚሾልክበት፣ ጠበኞች ሳይወዱ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቦታ ነው።

የድራማው የበዓል ዝና የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 በገና ዕለት ነው። መጠጥ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ዴንና ባለቤቱ አንጂ ትዳራቸው ከተናጋ ቆይቷል። ባልየው ጥሏት ሊሄድ ሲል፣ ለመኖር የቀሯት ስድስት ወራት ብቻ እንደሆኑ ነግራ ታስቀረዋለች። ነገሩ ውሸት ነበር። ከቬኒስ በባቡር ሲመለሱ ስካር ያላላት አንጂ ለባቡሩ አሳላፊ እውነቱን ስትነግረው ባልየው በስተጀርባ ሆኖ ይሰማል። ሰምቶም ዝም ይላል። ሳምንታት ያልፋሉ። በገና ዕለት ግን የፍቺ ወረቀት አውጥቶ ይሰጣትና መልካም ገና ይመኝላታል። በድጋሚ የቀረበውን ጨምሮ ያንን ክፍል የተመለከተው ሕዝብ 30.15 ሚሊዮን እንደነበር ተመዝግቧል። ይህ በዘመኑ ከነበረው የአገሩ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገና ዕለት የዋልፎርድ ሰዎች የመከራ ቀን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፖሊን ፋውለር የተባለችው የድራማው ነባር እናት በገና ምሽት በበረዶው አደባባይ ወድቃ ሞተች። በ2007 ማክስ የተባለው አባት ከገዛ ልጁ ሚስት ጋር የነበረው ግንኙነት የተቀረጸበት ዲስክ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ታየ። በ2009 አርቺ የተባለው ክፉ አባት በራሱ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በራሷ በንግሥት ቪክቶሪያ የድንጋይ ምስል ተመትቶ ተገደለ፤ ገዳዩም እስከሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ሳይታወቅ ቆየ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ተፎካካሪው «ኮሮኔሽን ስትሪት» በ1987 የገና ዕለት ሒልዳ ኦግደን የተባለችውን የጽዳት ሠራተኛ ከሠፈሩ ሲያሰናብት አንድም ሰው አልሞተም፤ አንድም ምስጢር አልፈነዳም። ጎረቤቶቿ ሸኟት፤ እርስዋም ዘፈነችላቸው፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከታት። ይህን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ለመሆኑ የበዓል ቀን የተመረጠበት ምክንያት ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ተራ ነው። በገና ዕለት በለንደን አውቶቡስም ባቡርም አይሠራም፤ ሱቁ ዝግ ነው፤ ውጪው ብርድ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፤ በየቤቱም ሦስት ትውልድ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ጣቢያዎቹ ለዚህ ተመልካች ይሻማሉ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከተውኔት ባሕርይ የሚመነጭ ነው። በዓል ገጸ ባሕርያትን በአንድ ጣራ ሥር ይሰበስባል፤ መውጫ ያሳጣቸዋል፤ ደስ ሳይላቸው ደስ ያላቸው እንዲመስሉ ያስገድዳቸዋል። ጸሐፌ ተውኔት በብዙ ብልሃት የሚፈልገውን የቦታና የጊዜ አንድነት በዓል በነጻ ያበረክትለታል። በጎ ምኞት በሚነገርበት አፍ ክፉ ነገር ሲነገር ደግሞ ቃሉ እጥፍ ይከብዳል።

ይህንም የቴሌቪዥን ሰዎች አልፈጠሩትም። የግሪክ ትራጀዲ ራሱ የበዓል ልጅ ነው። በአቴና የጸደይ ወራት ለዲዮኒሶስ በሚከበረው በዓል ላይ ባለቅኔዎች ተውኔታቸውን ለውድድር ያቀርቡ ነበር፤ ሕዝቡም የበዓል ልብሱን ለብሶ አባቱን ስለ ገደለ፣ እናቱን ስላገባ ንጉሥ ይመለከት ነበር። አሪስቶትል በ«ሥነ ግጥም» መጽሐፉ ፍርሃትንና ርኅራኄን አብልጦ የሚቀሰቅሰው በጠላቶች መካከል የሚደርሰው ሳይሆን በዘመዳሞች መካከል የሚደርሰው መከራ መሆኑን አስረድቷል። የኖርዌዩ ሔንሪክ ኢብሰንም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1879 ኮፐንሐገን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን «የአሻንጉሊት ቤት» የጀመረው ኖራ የገና ዛፍ አስይዛ ወደ ቤት ስትገባ ነው። ባሏን ለማዳን የፈጸመችው ምስጢራዊ ብድር በበዓሉ ቀናት ውስጥ ይገለጣል። በዓሉ ሲያልቅ ትዳሩም ያልቃል። በገና ሰሞን የሚቀርበው ተከታታይ ድራማ የዚሁ ረዥም የዘር ሐረግ ታናሽ ልጅ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በ2003 ዓ.ም. የገና ሰሞን ለንደን በሚኖሩ ዘመዶቼ ቤት ሰንብቼ ነበር። የአክስቴ ልጅ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር በፈረንጆቹ ገና ዕለት እርስዋ ተረኛ ነበረች፤ በዓልዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣው የእኛው ገና ነውና። በዚያ ቤት ሁለት ገና ነበረ ማለት ነው፤ አንዱን በቴሌቪዥን እናየዋለን፤ ሁለተኛውን እንጾምለታለን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2010 ምሽት ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከአገር ቤት የመጡ ጎረቤታችን እትዬ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ ሻይ ይዘን «ኢስት ኤንደርስ»ን ተመለከትን።

የዚያን ምሽቱ ታሪክ ይህ ነው። ሮኒ የተባለችው ወይዘሮ የወለደችው ሕፃን ጄምስ በአልጋው ላይ ሳለ በድንገት ይሞታል። እርስዋ ከዚህ ቀደም በአባቷ በአርቺ ውሸት ምክንያት ልጇን ያጣች፣ ያቺኑ ልጅ ባገኘቻት ዕለት በመኪና አደጋ የተነጠቀች ሴት ናት። የዘመን መለወጫው ደወል ሲደወል፣ ሠፈሩ በደስታ ሲጮኽ፣ የሞተውን ልጇን ታቅፋ ወደ መጠጥ ቤቱ ትገባለች። ላይ ቤት የካት ልጅ ቶሚ ያለቅሳል። አጠገቡ ማንም የለም። ሮኒ የሞተውን አስተኝታ የሚያለቅሰውን ይዛ ትወጣለች።

እትዬ እንግሊዝኛው እምብዛም አይገባቸውም ነበር። የሆነውን ግን ከእኛ ቀድመው ተረዱ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ዝም አሉ። ከዚያም፣ ከበሮው ተመትቶ ክፍሉ ካለቀ በኋላ፣ «እነዚህ ሰዎች ጎረቤት የላቸውም? ዕቁብተኛ፣ ዕድርተኛ፣ ሽማግሌ የላቸውም? ወላድ ብቻዋን ከልጇ ሬሳ ጋር እንዴት ትቀራለች?» አሉ። እኔ ስለ ሴራ አወቃቀር ሳስብ እርሳቸው የጠየቁት ስለ ኅብረተሰብ አወቃቀር ነበር። የዚያ ሌሊት መከራ ሁሉ የቆመው በአንዲት ነገር ላይ እንደሆነ አዩ፤ እርስዋም በዚያ ሰዓት አንዲት ሴት ከሮኒ ጎን አለመኖርዋ ናት።

የእንግሊዝ ተመልካችም ዝም አላለም። ቢቢሲ በሺህዎች የሚቆጠር አቤቱታ ደረሰው። ከሁሉ አምርረው የተናገሩት እንዲሁ ሕፃናቸውን በድንገት የተነጠቁ ወላጆች ነበሩ። ያሳዘናቸው የሞቱ መታየት አልነበረም። ልጅዋ የሞተባት እናት የሰው ልጅ ሰራቂ ሆና መቅረብዋ ነበር። ሐዘን አእምሮን እንደሚያናጋ ያውቃሉ፤ ነገር ግን በሐዘናቸው ላይ ወንጀል እንደተጨመረባቸው ተሰማቸው። በመጨረሻ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ሕፃኑ ወደ ወላጆቹ ተመልሶ እንዲቋጭ ሆነ። ይህ አቤቱታ ለእኔ የሳንሱር ጥሪ መስሎ አይታየኝም፤ ከሙያ ሐያስያን ብዕር ያላነሰ ሒስ ነበር። ተመልካቹ የጠየቀው «ይህን መከራ ለምን አሳያችሁን?» ብሎ አልነበረም፤ «መከራው የእኛ ሆኖ ሳለ ለምን የእኛን ፊት አጣንበት?» ብሎ ነው።

የእትዬ ጥያቄ ግን ወደ ሌላ ቤት መራኝ። በእኛ አገር ምስጢርና በዓል የሚገናኙበት የራሱ ሥርዓት አለ፤ ስሙም መርዶ ነው። የሞት ዜና ለባለ ቤቱ በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ቀን ይቆረጣል፤ ጎረቤት በሹክሹክታ ይዘጋጃል፤ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በአንድነት ተሄዶ ይነገራል። በዓል ከተቃረበ ደግሞ መርዶው በዓሉ እስኪያልፍ ይቆያል። ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን እንኳ ይህንኑ ሥርዓት ይዞ ሄዷል፤ በአገር ቤት እናቱ የሞተችበትን ሰው ወዳጆቹ ከሥራ መልስ ተሰብስበው ቤቱ ድረስ ሄደው ያረዱታል። የዛሬው የእጅ ስልክ ግን ሽማግሌ ሳይልክ፣ ቀን ሳይቆርጥ ስለሚያረዳ፣ ቀድሞ ለመድረስ ይሮጣሉ።

በ1984 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ በሰሜኑ ጦር ግንባር ነበረ። በ1983 ግንቦት ጦርነቱ ሲያከትም፣ ከተመለሱት ጋር አልተመለሰም። እናቴ ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ጋር ይሆናል እያለች ትጠብቅ ነበር። ታኅሣሥ 21 ቀን በሱዳን በኩል ዞሮ የተመለሰ ጓደኛው ወደ አጎቴ ቤት መጣና ወንድሜ በግንቦት መሞቱን፣ በእጁም መቅበሩን ተናገረ። እኔ በዚያው ቤት ከአጎቴ ልጆች ጋር እጫወት ነበርና በግድግዳው በኩል ሰማሁ። አጎቴ ወጥተው አዩኝ። አልተቆጡኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «አንተም እንግዲህ ትልቅ ሰው ሆነሃል፤ እናትህ በዓሏን ትዋል» አሉኝ።

ገና ሆነ። እናቴ ለወንድሜ ድርሻውን አስቀመጠች፤ ከዶሮው አንድ ፈረሰኛ፣ ከጠላው አንድ ብርጭቆ። አክስቴ እያወቀች አብራት ፈተፈተች፤ አብራት ሳቀች። ጎረቤቶች እያወቁ መጥተው «እንኳን አደረሰሽ» አሏት። ገና ቢያልፍም ጥምቀት ቀረበ፤ ሽማግሌዎችም ጥምቀቱን ጨመሩላት። በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ አጎቴ ከሰባት ሰዎች ጋር በሩን አንኳኩ። እናቴ ገና የሰዎቹን ብዛት ስታይ ተረዳች።

ከለቅሶው በኋላ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት ሞተ?» የሚል አልነበረም። «መቼ ሰማችሁ?» የሚል ነበር። ነገሯት። በጣቶቿ ቆጠረች። የዶሮው ቀን አለፈ፤ ከተራው አለፈ፤ ነጭ ለብሳ እልል ያለችበት ቀን አለፈ። ከዚያም «እያወቃችሁ ሃያ ሁለት ቀን ያለ አልቃሽ አስተኛችሁት» አለች። አጎቴ አቀርቅረው «ለአንቺ ብለን ነው እኅቴ» አሉ። ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም። በዓሉን ሸልመዋታል፤ የሸለሟት በዓል ግን ያን ማለዳ ከእጇ ተመልሶ ተወሰደ፤ ምክንያቱም ያ ዶሮ ከእንግዲህ ወዲያ ልጇ ሞቶ ሳለ የበላችው ዶሮ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በፋሲካ ዋዜማ ከሩቅ አገር ሞቱ ተሰማ፤ ሰዎችም ምን እናድርግ ብለው እናቴን አማከሩ፤ እርስዋ ታውቀዋለችና። ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ትፈስክ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ንገሯት። ስትጠይቃችሁ ግን ቀኑን አትዋሿት» አለች። ደግነቱንም በደሉንም በራሷ ላይ የሞከረች ሴት የሰጠችው ብይን ይህ ነበር።

አሁን ወደ ዴንና አንጂ እንመለስ። ዴን በባቡሩ ውስጥ የሰማውን ለሳምንታት ዝም ብሎ የያዘው በዓሉ እስኪደርስ ነው። አጎቴ የያዙት በዓሉ እስኪያልፍ ነው። ሁለቱም በዓልን ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝምታን ያውቃሉ። አንዱ በዓሉን መሣሪያ አደረገው፤ ሌላው ጋሻ። ነገር ግን በሁለቱም ቤት የሚያቆስለው ነገር አንድ ነው። አንጂን የሚያቆስላት ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከባቡሩ ወዲህ የኖረችባቸው ሳምንታት ሁሉ እርስዋ እንዳሰበቻቸው እንዳልነበሩ ማወቅዋ ነው። እርስዋም ወደ ኋላ መቁጠር አለባት።

አሪስቶትል በተውኔት ውስጥ ካለማወቅ ወደ ማወቅ የሚደረገውን ሽግግር ከፍተኛ ቦታ ሰጥቶታል። ብዙዎቻችን ይህን ስንማር እንደ መብረቅ፣ በአንድ ቅጽበት የሚወርድ ነገር አድርገን ተረድተነዋል። የእናቴ ጣቶች ሌላ ነገር ይናገራሉ። ማወቅ ወደ ፊት የሚመጣውን ብቻ አይለውጥም፤ ያለፈውንም ተመልሶ ይለውጣል። ኤዲፐስ እውነቱን ሲያውቅ ያጣው ዙፋኑን ብቻ አይደለም፤ ደስተኛ የመሰሉት ዓመታት ሁሉ አብረው ጠቆሩበት። የቤተ ሰብ ምስጢር ከሌላ ምስጢር የሚከፋው ስለዚህ ነው። የመንግሥት ምስጢር ሲገለጥ ዜና ይሆናል፤ የቤተ ሰብ ምስጢር ሲገለጥ ግን አብሮ የተበላ እንጀራ ሁሉ ጣዕሙ ይለወጣል።

እንግዲህ የተከታታይ ድራማ ጥንካሬና ድካም የሚለካው በዚህ ነው። በቴአትር ቤት መጋረጃው ሲወርድ ተመልካቹ ቆጠራውን ለብቻው ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ተከታታይ ድራማ ግን ቴአትር የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ማግስት አለው። ምስጢሩ በገና ዕለት ቢፈነዳ በማግስቱ ሳህን የሚያጥብ ሰው፣ ከጎረቤት ፊት የሚሸሽ ሰው፣ አልጋውን ለይቶ የሚተኛ ሰው ሊያሳየን ይችላል። ይህን ሀብት ሲጠቀምበት ታላላቅ ደራስያን እንኳ የሚቀኑበት ሥራ ይሠራል። ሳይጠቀምበት ሲቀር፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር ወደ ሌላ ፍንዳታ ሲሮጥ፣ በየዓመቱ ከአምናው የበለጠ ሬሳ ማቅረብ ግዴታ ይሆንበታል። የሒልዳ ኦግደን ስንብት ያስተማረንም ይህንኑ ነው። ሕዝብ በበዓል ቀን በቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው ለደም ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሰው ሊሸኝም ይሰበሰባል።

በአገራችን ይህን ማግስት በሚገባ የተጠቀሙ ሥራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የቀረበው «የቀን ቅኝት» የኤች.አይ.ቪ.ን ጉዳይ በቤተ ሰብ ታሪክ ውስጥ አስገብቶ ለሕዝብ አቀረበ። በዚያ ዘመን በሽታው ራሱ ከገመና ሁሉ የከበደ ገመና ነበር። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት፣ ሟች ከቀባሪ ይደብቀው ነበር። አድማጮች በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፉ። ድራማው ምስጢሩን በአንድ ምሽት አፈንድቶ ቢያልፍ ኖሮ ያን ሁሉ ብዕር ባላነሣሣ ነበር፤ ሰው ከተገለጠ በኋላ እንዴት እንደሚኖር ስላሳየ ግን ሰዎች የራሳቸውን ማግስት በውስጡ ፈለጉ። በኋላም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበ አንድ ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ «ገመና» ተብሎ መሰየሙ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከቃና ቴሌቪዥን መከፈት ወዲህ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአማርኛ እየተመለሱ የቀረቡት የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችም የተወደዱት በዚሁ በኩል ነው፤ ተመልካቹ በባዕድ ልብስ የራሱን ጓዳ አየ።

ስለዚህ ለበዓል ድራማ ለሚጽፉ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸውን ተውኔት ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ይህን ምስጢር ማን ያውቃል የሚል ነው። በእኛ ኅብረተሰብ ምስጢር አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ዕቃ አይደለም፤ ግማሽ ሠፈር ያውቀዋል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። እያወቁ «እንኳን አደረሰሽ» የሚሉ ጎረቤቶች ከማንም ተንኮለኛ ገጸ ባሕርይ የበለጠ መድረክ ይሞላሉ። ሁለተኛው፣ ዝም ያለው ሰው ዝም ያለው ለማን ብሎ ነው የሚል ነው። ከፍርሃት የመጣ ዝምታ፣ ከጥቅም የመጣ ዝምታና ከርኅራኄ የመጣ ዝምታ አንድ አይደሉም፤ ደራሲው ካልለያቸው ተዋናዩ ሊለያቸው አይችልም። ሦስተኛው፣ ምስጢሩ ሲገለጥ የትኛው የትናንት ቀን ይበላሻል የሚል ነው። ይህ ቀን አስቀድሞ ለተመልካቹ ካልታየ፣ ደስታውን አብሮ ካልቀመሰ፣ በኋላ ሲጠቁር አብሮ አያዝንም።

እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ድራማ በዓልን ቢመርጥ በዓሉ ያግዘዋል። ያልመለሰ ግን ቄጤማውን ምን ያህል ቢጎዘጉዝ፣ ዶሮውን ምን ያህል ቢያወጣ፣ ጩኸት እንጂ መከራ አያሳየንም። እትዬ በለንደን ምሽት የጠየቁትም ጥያቄ አብሮ መልስ ይሻል፤ በዚያ ሰዓት ጎረቤቱ የት ነበር? የእኛ ተውኔት ለዚህ ጥያቄ ከማንም የተሻለ መልስ ሊሰጥ የሚችል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የእኛ ጎረቤት እዚያው ነበር። እያወቀ፣ ነጭ ለብሶ፣ ማዕዱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በጎ አደረገ ወይስ በደለ? ተመልካቹ ይህን እያሰላሰለ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋበት የበዓል ድራማ ሲጻፍ፣ ገመናችን ተገለጠ እንጂ ወጣብን አንልም።